የሞላው ክፍላችን

ልጅ እያለሁ ሰው ማብዛት እችል ነበር። እኔ ብቻ ሳልሆን የክፍሌ ልጆች በሙሉ ይችሉበት ነበር። ዛሬ አሶሳ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ እየቆረጥኩና እየቀጠልኩ ነው የምተዳደረው። ሙሽሮች መጥተው "እንግዳው ሳሳብን፣ ትንሽ አብዢልን" ሲሉኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አንዱን ጠረጴዛ ከነተቀማጮቹ ገልብጬ ከጎኑ እለጥፈዋለሁ። ሥራው ከዚህ አያልፍም፤ ሻይዬ እንኳን አይቀዘቅዝም። አንዳንዴ ግን እንዲህ ስለጥፍ የላብ ሽታ ይመጣብኛል። በጠራራ ፀሐይ የሰው ሹራብ ደርቦ የሚሮጥ ልጅ ላብ ነው። ያኔ ሰው የምናበዛው በእግራችን ነበር።

ያደግኩት ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ስሟን ብጠራው ከሹፌርና ከረዳት በቀር የሚያውቃት የለም። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ "ሁለት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን" እያለ እኔን እዚያው አሳደገኝ። ትምህርት ቤታችን ከተሰነጠቀ ቀርከሃና ከጭቃ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ግቢው ሁሉ ማንጎ የሆነ ነበር። ማንጎው ሲደርስ የሚበላው ሰው አጥቶ እዚያው መሬት ላይ ይፈላ ነበር። የፈተና ሰሞን ለኔ እስከ ዛሬ እንደ ጠጅ ቤት የሚሸተው ለዚህ ነው። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ማስተማር አይቻልም፤ እኛም ዝናብ ስንወድ።

አስያ የዴስክ ጓደኛዬ ነበረች። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል። አማርኛዋን እኔ አርምላታለሁ፣ የኔን የበርታ ቋንቋ ደግሞ እሷ ታርምልኛለች፤ ማለት በሳቅ ትሞትብኛለች። ስትስቅ ድምፅ እንዳይወጣት ፊቷን ትከሻዬ ላይ ትደፋዋለች። የቢጫው ሹራቤ ትከሻ ሁልጊዜ በምራቋ እርጥብ ነበር። እናቴ ያንን ሹራብ ራሷ ነበር የሠራችው፤ ቀለሙ ከሩቅ ይጮሃል፣ ከተማው በሙሉ በሱ ነበር የሚያውቀኝ።

ስድስተኛ ክፍል ስንደርስ የወርቅ ወሬ መጣ። ወርቅስ ድሮም ነበር። ሰዎች ከዝናብ በኋላ ወንዝ ወርደው፣ አሸዋውን በሳፋ አጥበው፣ ለጨውና ለስኳር የሚሆን ይዘው ይመለሱ ነበር። የዚያን ዓመቱ ግን ሌላ ነው። የማናውቃቸው ነጋዴዎች በሞተር ሳይክል ይመላለሱ ጀመር፤ በየወንዙ ሰው ሠፈረ። መጀመሪያ ትልልቆቹ ወንዶች ልጆች ከክፍል ጠፉ። ቀጥሎ ቤተሰብ ከነፍየሉ እየተነሳ ሄደ። ሰኞ ሰኞ ባንዲራ ስናወጣ ሰልፉ እያጠረ መጣ። አንድ ሰኞ ደግሞ ዴስኩ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ማክሰኞ ትመጣለች ብዬ ቦርሳዬን ቦታዋ ላይ አስቀመጥኩላት፣ ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት። ሳምንት ሙሉ፣ ከዚያም ወር ሙሉ ቦርሳዬ እዚያው ተቀመጠ። የሚቀማኝም አልነበረም።

የክፍላችን ኃላፊ ቲቸር ስንታየሁ ከወሎ ተመድቦ የመጣ ከሲታ ወጣት ነበር፤ ሱሪው ሁሌም በጠመኔ የነጣ። መምህር ሳይሆን በፊት ሰርግ የሚቀርፅ አጎቱን ሲረዳ አድጓል፤ ትንንሽ ካሴት የምትጎርስ አንዲት አሮጌ ካሜራም ከዚያ ይዞ መጥቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሩና ባገኘው መኪና ወርቅ ቦታዎቹ ድረስ እየሄደ ወላጆችን ይለምን ነበር። የሚያገኘው መልስ ግን ከወንዝ ወንዝ አንድ ዓይነት ነው። ሁሉም "የሰው ልጅ ሁሉ ወርቅ ላይ ነው፤ የኔ ብቻውን ከማን ጋር ይማራል?" ይሉታል። ማንም ትምህርት አልጠላም። እያንዳንዱ የሌላውን ልጅ መመለስ እየጠበቀ ነው። ቦታው ደግሞ የተበታተነ ስለሆነ አንዱ ወንዝ ያለው ሰው ሌላው ወንዝ ላይ ማን እንዳለ አያውቅም።

አንድ ቀን ቲቸር ማንጎ ሥር ሰበሰበን። የላይኛው ክፍል ልጆች ተደምረን ሃያ አንሞላም። "ሌሎቹ ተመልሰዋል፣ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ ብለን ብናሳያቸውስ?" አለ። ፊልም እንሠራለን፣ ትምህርት ቤቱ ጢም ብሎ ይታያል፣ ፊልሙ ወርቅ ቦታዎቹ መሐል ባለችው ቪዲዮ ቤት ይታያል፣ ወላጅ ሁሉ ልጄ ከሰው በታች ሊሆን ነው ብሎ ይደነግጣል። የመጨረሻው ምዝገባ ሳይዘጋ ልጆቹ ከተመለሱ ዓመቱ ይተርፍላቸዋል፤ ካልተመለሱ ግን ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። ከዓመቱ ጋር የሚሄደውን ሌላ ነገር ሁላችንም እናውቅ ነበር። የወርቅ ጉድጓድ የለመደ ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ወደ ዴስክ ተመልሳ አይተን አናውቅም። እኔ ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙም አልተጨነቅኩም። እኔ የፈለግኩት አስያን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከየቤታችን ልብስ ዘርፈን መጣን። የአባት ጃኬት፣ የእናት ሻሽ፣ የታናሽ ኮፍያ፣ ያረጀ ቦርሳ ሁሉ ከመፀዳጃ ቤቱ ጀርባ ተከመረ። ቲቸር ሰልፉ ከሚያልፍበት ጎን ተንበርክኮ ካሜራዋን ደረታችን አካባቢ ያዛት። እየዘመርን እናልፋለን፤ ካሜራዋን ያለፈ ልጅ በክፍሉ ጀርባ ዞሮ ይሮጣል፣ ሹራብ ይቀይራል፣ ሻሽ ያስራል፣ ተመልሶ ከሰልፉ ጭራ ይገባል። አንዴ ቦርሳ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ሰልፉ አያልቅም፤ ትንፋሻችን ግን አለቀ። በዚያ ሙቀት ሹራብ ለብሰን ስንሮጥ የደረሰብንን እኛ ነን የምናውቀው፤ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ ዙሩ በዝቶባት ልብሱ ክምር ላይ ተኝታ ተገኝታለች።

ኩምሳ የሚባል ከባምባሲ የመጣ ልጅ ነበረን። ሲራመድ ትኩስ አመድ እንደረገጠ ሰው ይነጥራል። ቲቸር ገና በሁለተኛው ዙር አስቆመው። "ኩምሳ፣ አንተ ይብቃህ። አረማመድህን አይተው ከአሶሳ ሆነው ይለዩሃል" አለው። ኩምሳ ተቀየመ፣ ከዚያ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ እየጎተተ አቧራ እንዲያስነሳ ሲታዘዝ ቂሙን ረሳ። አቧራ ደግሞ ለካ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ባለበት አቧራ አለ፤ አቧራው ካለ ዓይን ሰውየውን ራሱ ይጨምርበታል።

ያን ቀን ከቲቸር የተማርኩት አንድ ነገር እንጀራዬ ሆኗል። "ከዳር የሚቆመው ልጅ ግማሽ ትከሻው ይቆረጥ" ይለን ነበር። ሙሉ ሰው ከዳር ከታየ ሰው እዚያ ጋ ያለቀ ይመስላል፤ ትከሻ ከተቆረጠ ግን የሚያይ ሰው የቀረውን ሕዝብ ራሱ ይጨርሰዋል። እኔም እስከ ዛሬ ድረስ ሰርግ ሲሳሳብኝ መጀመሪያ የማደርገው ትከሻ መቁረጥ ነው።

ከሰዓት ክፍል ገባን። ቲቸር ከኋላ ግድግዳ ተለጥፎ ጀርባችንን ነው የሚያነሳው፤ ፊት ካልታየ አንድ ልጅ አምስት ልጅ ይሆናል። መጀመሪያ ሁላችንም በግራ በኩል ታጭቀን ተቀመጥን፣ ቀጥሎ ሹራብ ተለዋውጠን ወደ ቀኝ ተዛወርን። ሁለቱን ግድግዳ አንድ ላይ ማሳየት ክልክል ነው። ሰሌዳው አጠገብ ላሉት ዴስኮች ሰው ስላልበቃን ቅል በሻሽ ጠምጥመን ቀርከሃ ላይ ሰካን፣ ጃኬት አለበስነው። ከሩቅ ለሚያይ ድንቅ ተማሪዎች ናቸው። እንደዚያ ጸጥ ያለ የፊት ረድፍ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ወደ ቀኝ ስንዛወር ቲቸር በካሜራው ውስጥ አጮልቆ "መሲ፣ መስኮቱ ጋ ክፍተት አለ፤ ቦርሳውን አንሺና ጠጋ በይ" አለኝ። የአስያ ቦታ ነው። ቦርሳዬን አነሳሁ፣ የእናቴን ወይን ጠጅ ሻሽ አሰርኩ፣ ተቀመጥኩበት። የኔ ቦታ ላይ ኩምሳ መጣ፤ የኔን ቢጫ ሹራብ ለብሶ፣ ፀጉሩን በኔ ሻሽ ጠቅልሎ። "ተጠጋጉ፣ እንደምታወሩ ሁኑ፣ ዞር አትበሉ" አለ ቲቸር። ኩምሳ ድምፁን አቅጥኖ በጆሮዬ "እህቴ፣ እስክሪብቶዬን ያዥልኝ፣ ነጠላዬን ላስተካክል" ሲለኝ ሳቅ አፈነኝ። ድምፄ ተሰምቶ ሥራው እንዳይበላሽ ፊቴን ትከሻው ላይ ደፋሁት። ቲቸር ደስ አለው። እውነተኛ ጓደኛሞች ትመስላላችሁ አለን። ካሴቱ አልቆ ስንወጣ እርስ በርስ በልብሳችን ሽታ እየተሰዳደብን፣ ተመልሰው ሲመጡ ማን የት እንደሚቀመጥ እያደላደልን ነበር። እንደዚያ ቀን ተስፋ አድርጌ አላውቅም።

ቲቸር ካሴቱን አሶሳ ወስዶ አስቆረጠው፤ የልጆች ጫጫታም በላዩ ላይ አስገባበት። የገዛ ጫጫታችን ነው፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ገብተን ባልዲ ውስጥ እየጮህን የቀዳነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻውን በጭነት መኪና ሄደ። ቪዲዮ ቤቱ ከቀርከሃ የታጠረ፣ ሸራ የለበሰ፣ ጄኔሬተሩ ውጭ የሚያጓራ ቤት ነው፤ ወንዶች ብቻ ናቸው የሚገቡት። ባለቤቱ ከዋናው ፊልም በፊት የኛን ለማሳየት ተስማማለት። ቅዳሜና እሁድን አርፌ አልተቀመጥኩም። ቦርሳዬን ከአስያ ቦታ አንስቼ በኔ በኩል ወለሉ ላይ አደረግኩት። ጠረጴዛውን በቅጠል አሸሁት።

ሰኞ ሰልፉ ያው ነበር። ቲቸር መጣ፣ ባንዲራ ወጣ፣ ከዚያ ማንጎ ሥር ቁጭ ብሎ የሆነውን ነገረን። ፊልሙ ተወደደ አለ። ሰው አጨበጨበ። ልጆች የሚያውቋቸውን ልጆች እየጠሩ ጮኹ። አንድም ሰው ቅሉን አልነቃበትም። የአስያ አባት አልሐሰን ከሁሉም በላይ ደስ ብሎት ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እየመረቀ መጣና "ማሻአላህ ቲቸር። ልጅ ብዙ ነው፣ ሞልቷል። እኛ አየን፣ ደስ አለን" አለው።

ቲቸር ተስፋ አድርጎ "እንግዲህ አስያንም ያምጧት፤ የቀረችው እሷ ናት" ሲለው፣ አልሐሰን ፈገግ እንዳለ ራሱን ነቀነቀ። "የኔ ልጅ የት ይቀመጣል?" አለው። "አንድ ዴስክ ሦስት ልጅ አለ፣ አራት ልጅ አለ። የሰው ልጅ 'አንተ ተነሳ፣ የኔ ይቀመጥ' እንዴት ይባላል? ነውር ነው ወላሂ። የተቀመጡት ይማሩ። ኸላስ፣ አለቀ።"

ሌሎቹም ያሉት ይህንኑ ነው። አንዱ ባይሆን ለከርሞ ሰው ሲቀንስ እናመጣለን ብሎታል። አንዲት እናት ለነዚያ ሁሉ ልጆች ጠመኔ ይግዛበት ብላ ዶሮ ልካለች። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ በሞላ ቤት ተጋፍቶ መግባት ለነሱ ከነውርም ነውር ነው። እኛ ቅናት ይዟቸው ይመጣሉ ብለን ስናስብ እነሱ ለኛ ቦታ ለቀቁልን። ቲቸር ምን ይበል? ባዶ ነው ቢል ገና አሁን ያሳየው ውሸት ሊሆን ነው፤ ውሸታም መምህር ጋ ደግሞ ማን ልጁን ይልካል? "ቦታ አለ፣ ቦታ አለ" እያለ ለመናቸው። ይሉኝታ ይዞት ነው ብለው የበለጠ አከበሩት።

ሲነግረን አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። የዚያን ቀን ሒሳብ አስተማረን። የሚያስተምረው ክፍል ግማሹ አየር ነበር፤ ቅሎቹ ከነሻሻቸው ጥግ ላይ ተቆልለዋል። ምዝገባው ተዘጋ። በዓመቱ ቲቸር ዝውውር አግኝቶ ሄደ፤ ካሴቱ የት እንደደረሰ አላውቅም። የላይኛው ክፍል ልጅ አነሰ ተብሎ ከአምስተኛ በላይ ያለነው ወደየምንችልበት እንድንሄድ ተነገረን፤ እኔም አሶሳ አባቴ የሚያውቃቸው ሰዎች ቤት ገባሁ። እንደ ዕድለኛ ተቆጠርኩ።

አስያን ያገኘኋት ባለፈው ግንቦት ነው፣ አሶሳ ገበያ ውስጥ፣ የፕላስቲክ ጫማ ከሚሸጥበት ጋ። እኔ አላወቅኳትም፤ እሷ ናት "መሲ፣ አንቺ ነሽ?" ያለችኝ። ሳቅፋት ጀርባዋ አጥንት ብቻ ነው። የጣቶቿ ቆዳ ውኃ ውስጥ ከመዋል ብዛት ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። አጠገቧ ሳፋ በራሷ ላይ የደፋች ልጅ ቆማለች፤ ልጇ ናት፣ እኛ ያኔ የነበርንበት ዕድሜ ላይ። ለልጅቷ ጫማ እየለካን ብዙ አወራን። አባቷ አልሐሰን አርፏል። ባሏ አንዴ አለ አንዴ የለም። ያው ወንዝ ላይ ናቸው።

ስለ ፊልሙ ያነሳችው ራሷ ናት። "አየሁት እኮ" አለች። "ቪዲዮ ቤት ሴት አይገባም። ከውጭ፣ በቀርከሃው ቀዳዳ አየሁ። ሹራብሽን አወቅኩ። ቢጫው።" አባቷ የዚያኑ ዕለት ማታ ምግብ ላይ ጠይቋት ነበር። ቲቸሩ በጣም ለመነኝ፣ ልብሽ ከፈለገ እኔ ሄጄ አፈርኩም ከበርኩም ቦታ እጠይቅልሻለሁ ብሏት ነበር። ሰውየው ለራሱ ያልተቀበለውን ውርደት ለሷ ሊቀበልላት ነበር።

"እሺ አላልሽም?" አልኳት።

"አላልኩም።" ጫማውን አገላበጠችው። "የኔ ቦታ ላይ ሌላ ልጅ አለ። ወይን ጠጅ ሻሽ ያሰረች። ያንቺ ትከሻ ላይ ፊቱን ደፍቶ ይስቃል። እኔ ልክ እንደማደርገው። መሲ ሌላ አገኘች አልኩ። ምን ልሠራ እመጣለሁ?"

እኔ መሆኔን ነገርኳት። ሻሹ የእናቴ እንደሆነ፣ ሹራቤን የለበሰው ኩምሳ እንደሆነ፣ ወር ሙሉ ቦታዋን በቦርሳ እንደጠበቅኩላት፣ ሁሉንም እየተደነቃቀፍኩ ነገርኳት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። ኩምሳ እኮ ያስቃል። አስያ ግን ትልቅ ሰው የተሰበረ ዕቃ እንደሚያይ ፊቴን አየችው።

"ለምን ዞር አላልሽም?" አለችኝ።

"ቲቸር ዞር አትበሉ ብሎን ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። አልተቀየመችኝም፤ ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷን እኔ ጋ ተያት፣ ብቻዬን ነኝ፣ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ እኔ አስተምራታለሁ አልኳት። ከልቤ ነበር። አስያ በበርታ ጠየቀቻት። ልጅቷ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና የእናቷን ቀሚስ ያዘች። "አያውቅሽም" አለች አስያ። "እኔ ደግሞ ያለሷ አሸዋውን ማን ያቀብለኛል?" ጫማውን ገዝቼላት ወደ ኩርሙክ የሚሄደው መኪና ላይ ተሳፈሩ። ልጅቷ ሳፋውን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች፤ እስኪታጠፉ ድረስ እጄን አላወረድኩም።

ያኔ ልጆች ሳለን ሃያ የማንሞላ ሆነን በሰው ሹራብ ላብ ስንጠመቅ፣ ፊልሙ ከታየ ይመለሳሉ ብለን ከልባችን አምነን ነበር። ዛሬ ስልክ ያልያዘ የለም፤ ወርቅ ቦታው ድረስ ምስል በደቂቃ ይደርሳል፤ እኔም ከቲቸር የተሻለ መሣሪያ አለኝ። የዚያን ዕለት ከገበያ ተመልሼ ያልጨረስኩት ሰርግ ፊት ተቀመጥኩ። ለአስያ ልጅ አንድ ነገር ላሳያት ፈለግኩ፤ የሞላ ክፍል ባሳያት ቦታ የለኝም ትላለች፣ ባዶ ባሳያት ከማን ጋር እማራለሁ ትላለች፤ ምን እንደማሳያት አላውቅም። መኪናው ያን ሰዓት ወንዙ ጋ ደርሶ ይሆናል።